ክዳኑ አረንጓዴ ነበር

ክዳኑ አረንጓዴ ነበር። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። የደም መቅጃ ቲዩቦች ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ክዳናቸውን ደፍተው በሥራዬ ላይ ቀኑን ሙሉ በፊቴ ያልፋሉ። ከነዚያ ሁሉ መካከል አንዱን፣ አል ዐይን ውስጥ በአንድ ክሊኒክ መጋረጃ ክፍተት ለአፍታ ያየሁትን፣ ቀለሙን ለይቼ አስታውሳለሁ ስል ራሴን እጠረጥራለሁ። ትዝታ ባለቤቱ የሚፈልገውን ቀለም መቀባት ይችላል። ንዴቴን ግን አልጠረጥረውም። ስለ ቀለሙ ያለኝ እርግጠኝነት እየሳሳ በሄደ ቁጥር ንዴቴ እየጠነከረ መጥቷል።

የምሠራው አቡ ዳቢ፣ አል ዋሕዳ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ በሰው ደም ውስጥ ያለን መድኃኒት መለካት ነው። አንዳንድ መድኃኒት ሲያንስ አይረዳም፤ ሲበዛ ይመርዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ሐኪሙ ይህን በዓይኑ አይቶ ብቻ ሊያውቀው ስለማይችል ደሙን ወደ እኛ ይልካል፤ እኛም ቁጥር እንመልስለታለን። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን፣ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ደሙ በምን ተቀድቶ እንደመጣ ጠይቁ ይሉን ነበር። ይሉን ነበር እላለሁ እንጂ፣ ምናልባት ከዚህ ሁሉ ነገር በኋላ በአፋቸው ያስገባሁላቸው እኔ እሆናለሁ።

የአክስቴ ልጅ በአል ዐይን፣ ከአል ጃሂሊ ምሽግ ብዙም በማይርቅ ቤት ሞግዚት ነበረች። ነበረች ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ወደዚህ አገር በመጣች ጥቂት ዓመታት ውስጥ አእምሮዋን ታመመች። እንቅልፍ እምቢ አላት፤ የቤቱን ምንጣፍ ሁሉ ግቢ አውጥታ አጠበች፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ ስጦታ ልግዛ አለች። ከዚያ ደግሞ ለሳምንታት ከአልጋ መውረድ ተሳናት። ማዳሟ አስተማሪ ናት። ሌላ አሠሪ ቢሆን ትኬት ቆርጦ ይሸኛት ነበር፤ ይህችኛዋ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሊቲየም የሚባል መድኃኒት አዘዘላት፤ ሰውየው የጨው ዓይነት መሆኑን ስለነገራት «ጨዌ» ብላ ጠራችው። ማታ ማታ ጨዌን እየዋጠች ወደ ራሷ ተመለሰች፤ እንዲያውም ማዳሟ ሴት ልጅ ስትወልድ ሕፃኗን የታቀፈቻት እሷ ሆነች። ልጅቱ አራት ዓመት ሞልቷታል። የአክስቴ ልጅ «ስታለቅስ በዐረብኛ ነው፤ እሽሩሩ በይኝ ስትል ግን በአማርኛ ነው» እያለች ትኩራራብኝ ነበር።

የቤቱ አባወራ ግን መጀመሪያ የታመመች ጊዜ አንድ ነገር ተናግሯል። «አንድ ጊዜ ታገሥኩ። ሁለተኛ ከታመመች ኸላስ፣ ወደ አገሯ።» ስለዚህ ያ መድኃኒት ለእሷ እንቅልፍ ብቻ አልነበረም። ሥራዋም፣ ያሳደገቻት ልጅም፣ በዚህ አገር የመቆየቷም ነገር የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነበር።

ነሐሴ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም። የቤቱ ሹፌር ፈቃድ ላይ ስለነበረ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን ከአቡ ዳቢ ሄጄ ለተለመደው የደም ምርመራ በመኪናዬ ወሰድኳት። በመንገድ ላይ ሳቀችብኝ።

«አፍህ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ አለ። በፍልሰታ!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጹሚ።»

«እኔማ ለሁለታችንም ነው የምጾመው። አንተ ደም ስትቆጥር ጾም የት ታውቃለህ!» አለችና ከያዘችው የውሃ ጠርሙስ ጠጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «እንካ። ለእኔ አባ ፈቅደውልኛል። ለአንተ ማንም አልፈቀደልህም፤ ተደብቀህ ጠጣ።»

የንስሐ አባቷ በስልክ የነገሯት ይህ ነበር፦ መድኃኒት የምትወስድ ሰው ናትና ውሃ ትጠጣ፣ በማለዳም ትቅመስ፤ ሥጋና ወተት ብቻ ትተው። እሷም ይህን እንደ ትእዛዝ ይዛ፣ ጓደኞቿን ስለምታፍር እየተደበቀችም ቢሆን ትጠጣ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ደም ቀጂዋ መጋረጃውን ስትስብ ጥቂት ክፍተት ቀረ። በትሪው ላይ አንድ ቲዩብ አየሁ፤ አረንጓዴ ክዳን። ለኩላሊትና ለጨዎቹ ምርመራ የተለመደ ነው፤ ለሊቲየም ደግሞ ሁለተኛ፣ ባለ ቢጫ ክዳን ትቀዳለች ብዬ አሰብኩ፤ ወይም እንደዚያ ያሰብኩ ይመስለኛል። በዚያች ቅጽበት ዘበኛው መጥቶ መኪናህን አንሣ አለኝና ወጣሁ። ስመለስ ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ ቆማለች።

ከቀትር በኋላ ከክሊኒኩ ተደወለ፦ በአስቸኳይ ትመለስ። ማዳሟ ከቤት በቀጥታ መጣች፤ ሐኪሙ ፊት ሦስታችን ተቀመጥን። የአክስቴ ልጅ ማዳሟ አስከትላ ያመጣቻትን ልጅ ጭኗ ላይ አድርጋ የፀጉሯን ማስያዣ እያስተካከለች ነበር። ጤነኛው የሊቲየም መጠን ከአንድ በታች ነው፤ በእሷ ስም የመጣው ቁጥር ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። በዚህ መጠን ሰው ይንገዳገዳል፤ ያስመልሰዋል፤ ምላሱ ይጎተታል። እሷ ግን ያቺን ትንሽ ማስያዣ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቀጭን ፀጉር ውስጥ ትሰካለች።

«ትጾሚያለሽ?» አላት ሐኪሙ።

«አዎን፣ ዶክተር።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ውሃ እጠጣለሁ። አባ...»

ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ መልሷል። ያቺ «አባ» የምትለው ቃል አየር ላይ ቀረች። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የተባለው በዚያች የመጀመሪያ «አዎን» ላይ ነው። ጾማለች፤ ስለዚህ ውሃ አልጠጣችም፤ ውሃ ስላልጠጣች ኩላሊቷ መድኃኒቱን ማስወጣት አልቻለም፤ ስለዚህ ተመርዛለች። እውነት ነው፣ ውሃ የጎደለው ሰው ሊቲየም ይጠራቀምበታል። እጅግ የሚያናድደኝም ይህ ነው። ውሸቱ የተሠራው ከእውነት ነበር።

ማዳሟ ከድንጋጤዋ ብዛት ተቆጣች። «እኛም እንጾማለን! ግን የታመመ ሰው ሐኪም ይጠይቃል። አንቺ ማንን ጠየቅሽ?»

«አባን ጠይቄያለሁ፣ ማዳም።»

«አባ ሐኪም ነው?»

እኔ ገባሁበት። «ዶክተር፣ የኩላሊቷ ውጤት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሶዲየሟስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

«ታዲያ ውሃ የጎደላት በየትኛው ነው?»

ፈገግ አለ። ትሕትና የተሞላ ፈገግታ ነበር፤ ዛሬም ስራመድ ድንገት ትዝ ብሎኝ መንገድ ላይ ያቆመኛል። «ወንድሜ፣ እርስዎ ላቦራቶሪ ነው የሚሠሩት። የሰው አካል እንደ መጽሐፍ አይደለም።»

አካሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር! ልጅ ታቅፎ፣ ቀጥ ብሎ፣ አጥርቶ እየተናገረ። ቁጥሩና ሴትዮዋ ሲጣሉ ሐኪሙ ሴትዮዋን አላመነም። ለቁጥሩ ምስክር የሚሆን ጾም ነበረለትና ሌላ ምንም ማየት አላስፈለገውም። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይቁም ተባለ፤ ቆመ።

አቡ ዳቢ ተመልሼ ሥራዬ ላይ አረንጓዴ ክዳን ሳነሣ ነው ነገሩ እንደ ጥፊ የመታኝ። የአረንጓዴው ቲዩብ የውስጥ ግድግዳ ደሙ እንዳይረጋ የሚከላከል ነገር ተቀብቶበታል፤ ያ ነገር ራሱ የሊቲየም ጨው ነው። ለሌላ ምርመራ ምንም አይደለም። ሊቲየምን ለመለካት ግን በጨው ዕቃ ቀድተው ሾርባው ጨው በዝቶበታል እንደማለት ነው። ከእኛ ሙያ ውጪ ያለ ሰው ይህን ስህተት ሊሠራው እንኳ አይችልም፤ እኛ ግን እያወቅነው እንሠራዋለን፤ አንድ ቲዩብ ለመቆጠብ፣ አንድ ደቂቃ ለመቆጠብ።

ወደ ክሊኒኩ ላቦራቶሪ ደወልኩ። ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«መመሪያችን ለሊቲየም ቢጫ ይላል።»

«መመሪያውን አይደለም የምጠይቅዎት። በዚያ ቀን በምን እንደተቀዳ ነው።»

«በመመሪያው ነው የምንሠራው።»

«ቲዩቡን ሊያዩልኝ ይችላሉ?»

«ናሙናው ተወግዷል።»

«ደም ቀጂዋን ልትጠይቋት ትችላላችሁ?»

«ጌታዬ፣ መመሪያው ቢጫ ይላል።»

ስልኩን ከዘጋሁት በኋላም እየመለስኩለት ነበር። በአሳንሰር ውስጥ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ፣ በሱቅ ሰልፍ ላይ ብቻዬን መለስኩለት።

ከዚያ በኋላ በነበረው የቤተ ክርስቲያን ቀን፣ ሳዲያት ደሴት ባለ ሆቴል የጽዳት ሥራ የሚሠሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ የአክስቴ ልጅ እንደ ታላቅ እኅት የምታያቸው፣ ከቅጽሩ በር ላይ ያዙኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ዶክተርዬ፣ አልነገርኩም? ይቺ ልጅ ጾም ከያዘች ልክ የላትም። እንደ ባሕታዊ ልትሆን!»

«ዶክተር አይደለሁም፣ እትዬ። ውሃ ትጠጣ ነበር። አባ ፈቅደውላት።»

«ትላለቻ! ጠጣሁ ብላ እኛን ልታስደስት ነው። እኔ ስትጠጣ አላየሁም።»

«እርስዎን ስለምታፍር ተደብቃ ነው የምትጠጣው።»

«አይ አንተ! እንግዲህ የዶክተሩ ማሽን ዋሸ በለኛ!» ብለው በፍቅር ትከሻዬን መቱኝ፤ አጠገባቸው የነበሩትም ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሐኪሙ የእኛን ጾም ሳያውቅ የደረሰበት ቦታ ላይ እሳቸው ጾሙን አብረው እየጾሙ ደረሱ። ያን ቀን ቅዳሴው እስኪያልቅ አልቆየሁም።

መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በመጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር። ስትደውልልኝ ንግግሯ ይፈጥናል፤ ሳልመልስላት ሌላ ትጀምራለች። ቀጥሎ መጋረጃዎቹን ማጠብ፤ የደረቁትን አውርዳ እንደገና ማጠብ። ለሐኪሙ ደወልኩ፤ «ደሟን እንደገና እንለካ» አልኩት። አሁን ብንለካ መድኃኒቱ ከሰውነቷ ስለወጣ ምንም አናገኝም አለኝ። ልክ ነበር። ቁጥሩ ማስረጃውን አብሮ አጥፍቶታል፤ ትክክል መሆን አለመሆኑን የምናይበትን መንገድ ራሱ ዘግቶታል።

ከዚያ ማዳሟ ደወለች። እያለቀሰች ይሁን አይሁን ከድምፅዋ መለየት አቃተኝ። የአክስቴ ልጅ የልጅቱን ልብሶች ሻንጣ ውስጥ ከትታ አገኘቻት፤ «ነገ በአውሮፕላን ጎንደር እንሄዳለን፤ በቅሎ አስጋልብሻለሁ» እያለቻት፣ ልጅቱም በደስታ አልጋ ላይ እየዘለለች።

«እወዳታለሁ» አለችኝ ማዳሟ። «አንተ ታውቃለህ። ግን እናት ነኝ።»

ልክ ነበረች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያቃጥለኝ ሁሉም ሰው በየተራው ልክ መሆኑ ነው፤ ሲደመር ግን አንዲትን ሴት አሳብደው ሲያበቁ ጥፋቱን የሰጡት ለራሷ ነው።

በማግሥቱ የላቦራቶሪያችንን ኃላፊ አነጋገርኳት፤ የሕንድ፣ የኬረላ ሴት ናት፤ ቀልድ አይለያትም። የራሴን ደም በሁለት ቲዩብ ቀድቼ ሊቲየም እንድለካ ፍቀጂልኝ አልኳት።

«ትወስዳለህ እንዴ? ባሕርይህንስ እጠረጥረው ነበር።»

«ወስጄ አላውቅም። ለዚህ ነው የምፈልገው።»

ስነግራት ሳቋን ተወች፤ ክንዴን ራሷ አሰረችው። ከቢጫው ምንም አልተገኘም። ከአረንጓዴው የተገኘው ከሁለት በላይ ነበር። ሊቲየም ቀምሶ የማያውቅ ሰው፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ተመርዟል።

ሁለቱን ውጤቶች ይዤ አል ዐይን ሄድኩ። ሐኪሙ ፊት አስቀመጥኳቸው።

«ዶክተር፣ በዚህኛው መሠረት እኔ ሆስፒታል መተኛት አለብኝ። የትኛውን መድኃኒት ላቁም?»

አየው። «ምን ይወስዳሉ?»

«ምንም።»

«ይጾማሉ?»

ይህን በእርግጥ ጠይቆኛል ወይስ ለጓደኞቼ ደጋግሜ ስተርከው የጨመርኩት ነው? መማል አልችልም። የማስታውሰው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ መለጠጡንና «ሊሆን ይችላል» ማለቱን ነው። ሊሆን ይችላል። አጠፋን አላለም፤ እንጠይቅ አላለም። ግን ሐኪም ነውና መድኃኒቱን በቀድሞው መጠን መልሶ ጀመረላት። ቀናት አልፈው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ በቢጫ ክዳን ተቀዳች፤ ውጤቱ ከአንድ በታች፣ መሆን ካለበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው። ውጤቱን ይዤ ሐኪሙን ስጠብቅ፣ ለአንዲት አፍታ፣ አሁንስ ይናገራል ብዬ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጾሙ አልቋላ።»

እኔ የጮኽኩ ይመስለኛል። የአክስቴ ልጅ አልጮኽክም ትላለች፤ «ዝም ብለህ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ከተትከው» ነው የምትለው። የማን ትዝታ ልክ እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ይሁን ብዬ እመኛለሁ።

ዳነች። አባወራው ትኬቱን እንዳይቆርጥ ማዳሟ ተሟገተችላት፤ ለዚህ ሳላመሰግናት አላልፍም። ግን ልጅቱን መልሳ አልሰጠቻትም። ለልጅቱ ሌላ ሞግዚት መጣች፤ የአክስቴ ልጅ ወደ ወጥ ቤት ተዛወረች። ስለዚህ ነው ሞግዚት ነበረች ያልኩት። ልጅቱ አንዳንድ ጊዜ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ነይ» ትላታለች፤ አዲሷ ሞግዚት በእጅዋ ይዛ ትመልሳታለች። ይህን የነገረችኝ ድንች እየላጠች ነው፤ ድንቹን ደግሞ ከሚገባው በላይ ልጣ ልጣ አቀጠነችው።

የሚቀጥለው ምርመራ የወደቀው በዐቢይ ጾም ነው። እንደገና በመኪናዬ ወሰድኳት። ከተማው መግቢያ ላይ፣ የተምር ዛፎቹ በሚጀምሩበት፣ ጠየቀችኝ።

«ክዳኑን በእርግጥ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ ብዬ አምናለሁ።»

«ብዬ አምናለሁ?»

«እህቴ፣ እኔ በየቀኑ ብዙ ክዳን ነው የማየው። የእኔ ደም የሚያሳየው አረንጓዴው ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ያንቺ በእሱ መቀዳቱን አያሳይም። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ታውቃለህ፣ ሁሉም ሲለኝ ሲለኝ... ምናልባት ሳልጠጣ ቀርቼ ይሆን እላለሁ። እጠጣለሁ ብዬ ረስቼ። ከታመመ ጭንቅላት ምን ይታመናል? ልጅቱን እኔው ራሴ ከሆንኩ ያጣኋት...»

መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆምኩ። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። በእሷ አልነበረም። ሥራዋን አሳንሰዋል፣ ልጅቱን ወስደዋል፤ እሺ። አሁን ደግሞ በገዛ ጉሮሮዋ የወረደውን ውሃ ሊወስዱባት ነው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ስለ ክዳኑ ልሳሳት እችላለሁ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መምህሬም ልሳሳት እችላለሁ። ያን ቀን ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጠጥተሻል። አፍህ ላይ እንቁላል አለ ብለሽ ስቀሽብኛል፤ ከጠርሙሱ ጠጥተሽ ለእኔ ዘረጋሽልኝ፤ ተደብቀህ ጠጣ አልሽኝ። እኔም ካንቺ ተቀብዬ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰብኝ። ይህን አልጠራጠርም።»

አየችኝ። «ሸሚዝህ ላይ ፈሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በእንቁላሉ ላይ ውሃ፤ እንደ ሕፃን።»

«እንደ ሕፃን።»

ከእግሯ ሥር ያለውን ጠርሙስ አነሣች። በአጠገባችን መኪኖች ያልፋሉ፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋብን። ክዳኑን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ እንዲያያት የፈለገች ይመስል ቀና ብላ፣ እስኪያልቅ ድረስ ጠጣች።